የጨዋታ ምት ልክ፦ የገፊ ጋዝ ምርጫና ያልታሰበ ጉዳት ኃላፊነት

ሰው ባልንጀራውን ሳይጠላ፣ ሊጎዳውም ሳያስብ፣ በጨዋታ ስም የሚመታው ምት በሥነ ምግባር ሚዛን ላይ በቀላሉ የሚቀመጥ አይደለም፤ ጠላትነቱ ለጨዋታው ያህል የተፈጠረ ሲሆን ምቱ ግን እውነተኛ ነውና። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሰው የሚበድልባቸውን መንገዶች በሦስት ይከፍላቸዋል፤ እነርሱም ሐልዮ፣ ማለትም በልብ የሚታሰበው፣ ነቢብ፣ ማለትም በአንደበት የሚነገረው፣ ገቢር፣ ማለትም በእጅ የሚፈጸመው ናቸው። የጦርነትን መልክ በያዘ ጨዋታ ውስጥ ሐልዮና ገቢር ይለያያሉ፤ ሐልዮው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ገቢሩ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል፣ ገቢሩ ማንንም ሳይጎዳ ደግሞ ሐልዮው በቁጣ ሊበላሽ ይችላል። ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ፣ ተጫዋቹ ለመጉዳት ባለማሰቡ ብቻ ከተጠያቂነት ነጻ ይሆናልን? የሚል ነው። ነጻ የማይሆን ከሆነም ኃላፊነቱ የሚጀምረው ከቁጣው ነውን፣ ከምቱ ነውን፣ ወይስ ምቱን የሚሰጠው መሣሪያ ከተመረጠበት ጊዜ?

ፔይንትቦል የሚባለው ዘመናዊ ጨዋታ ይህን ጥያቄ እጅግ ግልጽ አድርጎ ያቀርበዋል። ጨዋታው በሁለት ወገን የተከፈሉ ሰዎች፣ በውኃ የሚታጠብ ቀለም የተሞሉ፣ ሽፋናቸው ከጀላቲን የተሠራ፣ ስፋታቸው 17 ሚሊ ሜትር፣ ክብደታቸውም 3 ግራም ገደማ የሆነ እንክብሎችን የሚተኳኮሱበት ነው፤ እንክብሉ ሲያርፍ ይፈርጥና በተመታው ሰው ላይ ቀለሙን ይተዋል፣ ቀለም ያረፈበትም ከሜዳ ይወጣል። መሣሪያው ጠመንጃ ቢመስልም ተጫዋቾች ማርከር፣ ማለትም ምልክት አድራጊ፣ ይሉታል፤ እንክብሉን የሚገፋውም ባሩድ ሳይሆን በሲሊንደር የተያዘ ጋዝ ነው። ይህ ገፊ ጋዝ ሁለት ዓይነት ሲሆን አንዱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሌላው የታመቀ ተራ አየር ነው። ከሁለቱ የትኛው ይመረጥ የሚለው ጉዳይ ዘወትር የዋጋና የምቾት ጥያቄ ተደርጎ ይታያል። ይሁን እንጂ ምርጫው ከሁሉ አስቀድሞ የሥነ ምግባር ምርጫ ነው፤ በተለይም እንደ ሰሜን ሸዋ ውርጭና ቆላ በጥቂት ሰዓት መንገድ በሚገናኙበት አገር፣ የምትን ልክ አስቀድሞ ማወቅ የጨዋታው ፍትሕ መሠረት ነው።

ለሰሜን ሸዋ ሕዝብ የጦርነት መልክ ያለው ጨዋታ እንግዳ አይደለም። በጉግስ ጨዋታ ፈረሰኞች በሁለት ወገን ይሰለፋሉ፤ አንዱ እየጋለበ ሲሸሽ ሌላው እየተከተለ ዘንግ ይወረውርበታል፣ ሸሺውም ጀርባውን በጋሻ ይመክታል፣ ቆይቶም አሳዳጁ ተሳዳጅ ይሆናል። በገና ጨዋታ ደግሞ ሰዎች በቆልማማ ዱላ ሩሩን እየመቱ ሲጋፉ ጌታና አሽከር በአንድ ሜዳ ይቆማሉ፤ በዚያ ቀን ጌታ በአሽከሩ ምት እንዳይቆጣ የሚያዘው ልማድም በአማርኛ ተናጋሪዎች ሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። እነዚህ ሁለት ጨዋታዎች የጦርነት ጨዋታ በሥነ ምግባር የተፈቀደ ይሆን ዘንድ የሚያስፈልጉትን ሁለት ነገሮች ይዘዋል። የመጀመሪያው የቁጣ መታገድ ነው፤ ይህም የሐልዮ ጥበቃ ነው። ሁለተኛው የምቱ ልክ ለሁለቱም ወገን መታየቱ ነው፤ የዘንጉ ውፍረት፣ የወርዋሪው ክንድ፣ የፈረሱ ፍጥነት፣ የጋሻው ጥንካሬ ሁሉ በዓይን የሚገመቱ ስለሆኑ ወደ ሜዳ የሚገባው ፈረሰኛ የሚጠብቀውን ያውቃል፤ ይህም የገቢር ጥበቃ ነው።

ኃይል ከሰው ክንድ ወጥቶ በዕቃ ውስጥ ሲከማች ግን ሁለተኛው ጥበቃ ይላላል፤ የተከማቸ ኃይል በዓይን አይገመትምና። በሸዋ ታሪክ ይህ ለውጥ ጎልቶ የታየው በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ባሉት ዓመታት፣ የጦር መሣሪያ በብዛት ወደ አንኮበር ቤተ መንግሥት መግባት ሲጀምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 በካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተመራው የብሪታንያ መልእክተኛ ቡድን ለንጉሡ ካቀረባቸው ስጦታዎች መካከል ሦስት መቶ ጠመንጃዎች ይገኙ ነበር፤ በዚያው ዓመትም የወዳጅነትና የንግድ ውል በአንጎለላ ተፈረመ። በዚያ ዘመን የነበረው ጠመንጃ ባሩዱና አረሩ በአፈሙዙ የሚገቡበት ስለነበር፣ ተኳሹ በእያንዳንዱ ተኩስ የባሩዱን ልክ ራሱ መወሰን ነበረበት፤ ባሩዱ ሲያንስ አረሩ ይደክማል፣ ከመጠን ሲያልፍ አፈሙዙ ሊፈነዳና ተኳሹን ራሱን ሊጎዳ ይችላል። ንጉሡም ጠመንጃዎቹን በግምጃ ቤት አኑረው ሥርጭቱን በእጃቸው ያዙ። ይህም በዕቃ ውስጥ የተሰወረ ኃይል ሁለት ዓይነት ልክ እንደሚሻ ያሳያል፤ አንደኛው ኃይሉ በማን እጅ እንደሚሆን የሚወስነው ልክ ሲሆን ሁለተኛው ኃይሉ በእያንዳንዱ ጊዜ ምን ያህል እንደሚወጣ የሚወስነው ልክ ነው።

ልክ ያጣ ጨዋታ ወዴት እንደሚያደርስ መጽሐፍ ቅዱስ በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 2 ይተርካል። የሳኦል ቤት የጦር አለቃ አበኔርና የዳዊት የጦር አለቃ ኢዮአብ በገባዖን ኩሬ አጠገብ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሳሉ፣ አበኔር ጎልማሶች ተነሥተው በፊታቸው እንዲጫወቱ ሐሳብ አቀረበ፣ ኢዮአብም ተስማማ፤ ከየወገኑ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ተነሡ፣ ነገር ግን እያንዳንዱ የባላጋራውን ራስ ይዞ ሰይፉን በጎኑ ስለ ሻጠበት ሁሉም በአንድነት ወደቁ። ያ ቀን ወደ ብርቱ ጦርነት ተለወጠ፣ የኢዮአብ ወንድም አሣሄልም በዚያው ቀን ተገደለ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የጨዋታ ስም ነበረ፣ የሁለቱ አለቆች ስምምነትም ነበረ፣ የተሰላፊዎቹ ቁጥርም እኩል ነበረ፤ የጎደለው የመሣሪያው ልክ ነው፤ በእጃቸው የያዙት ለመግደል የተሠራ ሰይፍ ነበርና። መጽሐፈ ምሳሌም በምዕራፍ 26 ቁጥር 18 እና 19 ላይ ባልንጀራውን አታልሎ ሲያበቃ በጨዋታ ያደረገው መሆኑን የሚናገረውን ሰው፣ ትንታግና ፍላጻ ከሚወረውር እብድ ጋር ያመሳስለዋል። ከሁለቱም ንባቦች የሚገኘው ትምህርት፣ ጨዋታ የሚለው ስም ምትን እንደማያነጻ፣ ይልቁንም ምቱ አስቀድሞ ተለክቶ ሲገኝ ብቻ ጨዋታ የሚለው ስም እውነት እንደሚሆን ነው።

የፔይንትቦል ጨዋታ አጀማመር ራሱ ከፍልስፍና ክርክር ጋር የተያያዘ ነው። ቻርልስ ጌይንስ የተባለ ደራሲና ሄይስ ኖኤል የተባለ የአክሲዮን ነጋዴ፣ በአደጋ ጊዜ ራሱን የሚያድነው በገጠር ያደገው ነው ወይስ በከተማ የሠለጠነው በሚለው ጥያቄ ተከራከሩ፤ ክርክሩንም ለመፍታት እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ በኒው ሃምፕሸር ግዛት ሄኒከር በተባለ ስፍራ አሥራ ሁለት ሰዎች በጫካ ውስጥ ተሰማርተው ባንዲራ የሚሰበስቡበት የመጀመሪያው ጨዋታ ተካሄደ። የተጠቀሙበት መሣሪያ ኔልስፖት 007 የሚባል፣ ደን ጠባቂዎች ዛፍን፣ ከብት አርቢዎችም ከብትን በሩቁ በቀለም ለመለየት የሚሠሩበት፣ በትንሽ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀለህ የሚተኩስ ሽጉጥ ነበር። አሸናፊው ሪች ዋይት የተባለ የደን ሰው ሲሆን ድሉን ያገኘው አንድ ጊዜ እንኳ ሳይተኩስ፣ በጫካው ውስጥ በጥንቃቄ ተጉዞ ባንዲራዎቹን ሁሉ በመሰብሰብ ነው። ይህ እውነት ለዚህ ጥያቄ ትልቅ ክብደት አለው፤ የጨዋታው ግብ ባላጋራን ማሳመም ሳይሆን ብልሃትን፣ ትዕግሥትንና አካሄድን መፈተን መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አሳይቷልና፤ ከዚህ ግብ የሚያልፍ የምት ኃይል ሁሉም ለጨዋታው የማያስፈልግ ትርፍ ነው።

አሁን ወደ ጋዞቹ ጠባይ መግባት ያስፈልጋል፤ የሥነ ምግባሩ ፍርድ በዚህ ጠባይ ላይ ይቆማልና። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጠላና ቢራ በሚፈሉበት ጊዜ የሚወጣው፣ ለለስላሳ መጠጥም አረፋ የሚሰጠው ጋዝ ነው፤ የቢራ ፋብሪካዎች ላሏት ለደብረ ብርሃንም እንግዳ አይደለም። በሲሊንደር ውስጥ በብዛት በፈሳሽነት ይቀመጣል፤ ከፈሳሹ በላይ ያለው ጋዝ ተተኩሶ ሲወጣ ሌላ ፈሳሽ እየተነነ ቦታውን ይተካል። በዚህም ምክንያት ሲሊንደሩ ፈሳሽ እስካለው ድረስ የውስጡን ግፊት የሚወስነው የቀረው ጋዝ ብዛት ሳይሆን ሙቀቱ ነው። ግፊት በሚለካበት ባር በሚባለው መስፈርት፣ ይህም አንዱ በባሕር ወለል ካለው የአየር ግፊት ጋር የሚቀራረብ ነው፣ ግፊቱ በዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ 35 ያህል፣ በ10 ዲግሪ 45 ያህል፣ በ20 ዲግሪ 57 ያህል፣ በ30 ዲግሪ ደግሞ 72 ያህል ነው። በተጨማሪም ፈሳሹ ሲተን ሙቀት ስለሚወስድ ተጫዋቹ በፍጥነት ደጋግሞ ሲተኩስ ሲሊንደሩ ይቀዘቅዛል፣ ግፊቱም ይወርዳል፣ እንክብሉም ይደክማል፤ በአንጻሩ ሲሊንደሩ ተዘቅዝቆ ፈሳሹ ራሱ ወደ ማርከሩ ከገባ እንክብሉ ሳይታሰብ ከልክ በላይ ሊፈጥን፣ የመሣሪያውም ጎማዎች ሊበላሹ ይችላሉ።

ይህ ጠባይ በሰሜን ሸዋ መልክዓ ምድር ላይ ሲታይ ትርጉሙ ይጎላል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቷና ንጋቷ ውርጭ የሚጥልባት ከተማ ናት፤ ከዚያ ተነሥቶ በጣርማ በር አልፎ፣ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት የሚደርስ መንገደኛ መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጉዞ ከውርጭ ወደ ቆላ ሙቀት ይገባል። ንጋት ላይ በደብረ ብርሃን ብርድ ለተፈቀደው ፍጥነት የተስተካከለ፣ ግፊት መቆጣጠሪያ የሌለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማርከር፣ ቀትር ላይ በሸዋ ሮቢት ሲተኮስ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት እጥፍ ሆኖ ይገኛል። ተኳሹ አልተለወጠም፣ መሣሪያውም አልተለወጠም፣ ሐሳቡም እንዳለ ነው፤ ምቱ ግን ሌላ ሆኗል። ልዩነቱን ለማየት ወደ ቆላ መውረድ እንኳ አያስፈልግም፤ በዚያችው በደብረ ብርሃን የንጋቱ ውርጭና የከሰዓቱ ፀሐይ ብቻ ግፊቱን ከ35 ባር ወደ 50ዎቹ ሊያደርሱት ይችላሉ።

የታመቀ አየር ጠባዩ ሌላ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ፈሳሽ ስለሌለ፣ አየሩ እንደ ሲሊንደሩ ዓይነት ወደ 200 ወይም ወደ 300 ባር ታምቆ ይገባል፤ በሲሊንደሩ አፍ ላይ ያለው ሬጉሌተር፣ ማለትም ከፍተኛውን የውስጥ ግፊት ወደ አንድ የተወሰነ የመውጫ ግፊት የሚያወርደው መሣሪያ፣ ወደ ማርከሩ የሚገባውን አየር በአብዛኛው ከ55 እስከ 60 ባር ባለው ግፊት ይይዘዋል። ብርድና ሙቀት የውስጡን ግፊት በመጠኑ ቢለውጡትም ከሬጉሌተሩ የሚወጣው ብዙ አይለዋወጥም፤ በመሆኑም የመጀመሪያው እንክብልና አምሳኛው እንክብል ተቀራራቢ ፍጥነት ይኖራቸዋል። የሁለቱ ጋዞች ልዩነት በሥነ ምግባር ቋንቋ ሲነገር፣ በአንደኛው የምቱን ልክ የሚወስነው የዕለቱ አየር ጠባይ ሲሆን በሁለተኛው ሰው ረጋ ብሎ፣ ከጨዋታው ግለት በፊት የወሰነው ውሳኔ ነው። በጨዋታ መካከል ደም ሲሞቅ ማንም ልክን በትክክል እንደማይወስን የታወቀ ስለሆነ፣ ልኩን አስቀድሞ በሰከነ አእምሮ ወስኖ መግባት ራስን የመግዛት አንዱ መንገድ ነው።

በዚህ ላይ የኦሪት ሕግ ሦስት ድንጋጌዎች ሲነጻጸሩ ያልታሰበ ጉዳት ኃላፊነት በደረጃ የተከፈለ መሆኑ ይታያል። በኦሪት ዘዳግም 19፥5 ሁለት ሰዎች እንጨት ሊቆርጡ ዱር ሲገቡ የአንደኛው መጥረቢያ ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ቢገድል፣ ገዳዩ ጥላቻ ስላልነበረው ወደ መማጸኛ ከተማ ሸሽቶ ሕይወቱን እንዲያድን ተፈቅዷል። በኦሪት ዘጸአት 21፥28 እና 29 ደግሞ በሬው ሰውን ወግቶ ቢገድል ባለቤቱ ነጻ ነው፤ በሬው አስቀድሞ የመውጋት ጠባይ ኖሮት፣ ለባለቤቱም ተነግሮት ሳለ ሳይጠብቀው ቀርቶ ከሆነ ግን ባለቤቱ በብርቱ ይጠየቃል። በኦሪት ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከሰገነቱ ማንም ወድቆ በቤቱ ላይ የደም ዕዳ እንዳያመጣበት በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል። ፍትሐ ነገሥትም ሆን ተብሎ የተፈጸመውን ግድያ ሳይታሰብ ከደረሰው ይለያል። የመጥረቢያው ባለቤት ያልጠበቀው ነገር ደረሰበት፤ የበሬው ባለቤት የሚያውቀውን ነገር ቸል አለ፤ ቤት ሠሪው ደግሞ ገና ማንም ሳይወድቅ አደጋውን አስቦ እንዲከላከል ግዴታ ተጣለበት። የካርቦን ዳይኦክሳይድን ጠባይ የማያውቅ ጀማሪ ተጫዋች በመጥረቢያው ሰው ስፍራ ይቆማል፤ ሙቀት ግፊቱን እንደሚለውጠው እያወቀ ሳይለካ የሚተኩስ ግን በሬው ተዋጊ መሆኑ ከተነገረው ባለቤት የተለየ አይደለም፤ ሜዳውን የሚያዘጋጀውና መሣሪያ የሚያከራየው ሰው ደግሞ መከታ እንዲሠራ የታዘዘው ቤት ሠሪ ነው።

ሁሉም ተጫዋቾች በፈቃዳቸው ስለ ገቡ ጉዳትን አስቀድመው ተቀብለዋል የሚል ክርክር በዚህ ላይ ሊነሣ ይችላል። ክርክሩ ክብደት አለው፤ በጉግስም ሆነ በፔይንትቦል ያለ ፈቃድ የገባ ሰው ስለሌለ። ነገር ግን ፈቃድ ሊሰጥ የሚችለው ለታወቀ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ልኩን ለማያውቀው ምት ፈቀደ ቢባል፣ የፈቀደው ለራሱ ግምት እንጂ ለሚያርፍበት ምት አይደለም። በሰፊው በተለመደው የጨዋታው ሕግ የእንክብሉ ፍጥነት በሰከንድ 300 ጫማ፣ ማለትም 91 ሜትር ያህል፣ እንዳያልፍ ተወስኗል፤ ይህንም የሚለካው ክሮኖግራፍ የሚባል የፍጥነት መለኪያ ነው። በዚህ ፍጥነት 3 ግራም የሚመዝን እንክብል 12 ጁል ያህል ጉልበት ይይዛል። ጉልበት ከፍጥነት ጋር እኩል ስለማይሄድ፣ ይልቁንም በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ ፍጥነቱ ከ91 ወደ 100 ሜትር፣ ማለትም በአንድ አሥረኛ ያህል፣ ቢጨምር ጉልበቱ በአንድ አምስተኛ ያህል አድጎ ወደ 15 ጁል ይደርሳል። ስለዚህ የተመታው ሰው በንጋት የተስማማበት ቁጥር በቀትር እውነት ሳይሆን ቢቀር፣ ስምምነቱ ፈርሷል፤ ያፈረሰውም ልኩን እንደገና ሳያረጋግጥ የተኮሰው ነው።

የከፍታው ጉዳይም ከዚህ ጋር መታየት አለበት። በደብረ ብርሃን ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ካለው ይልቅ ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ በእንክብሉ ላይ የሚፈጥረው መቋቋም ያንሳል፤ ከአፈሙዙ በተፈቀደው ፍጥነት የወጣ እንክብልም በሩቅ ሲደርስ በዝቅተኛ አገር ከሚኖረው የበለጠ ፍጥነት ይዞ ይቆያል። በመሆኑም ከባሕር ወለል ብዙ ከፍ በማይሉ አገሮች የተጻፈውን የፍጥነት ወሰን ቃል በቃል መጠበቅ በሸዋ አምባ ላይ የሕጉን መንፈስ ሙሉ በሙሉ አይፈጽምም፤ ወሰኑን ጥቂት ዝቅ ማድረግ ወይም በተኳሾች መካከል የሚጠበቀውን ርቀት ማስፋት ያስፈልጋል። ሕግ የተጻፈበት ዓላማ ከፊደሉ እንደሚበልጥ የሚያምን ሁሉ ይህን ማስተካከያ እንደ ትርፍ ሸክም ሳይሆን እንደ ግዴታ ይቆጥረዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የድኅነት ተቃውሞ ነው። የታመቀ አየር ሲሊንደር ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወደዳል፣ ለመሙላትም ከፍተኛ ግፊት የሚሰጥ ውድ መጭመቂያ ይፈልጋል፤ በአንጻሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመጠጥና ለእሳት ማጥፊያ ስለሚውል በብዙ ስፍራ ይገኛል። ታዲያ ገንዘብ ያለው ብቻ ጻድቅ ተጫዋች ሊሆን ነውን? መልሱ አይደለም ነው፤ በጎነቱ በሲሊንደሩ ዋጋ ሳይሆን ልክን በመጠበቅ ላይ የሚገኝ ስለሆነ፣ ባለጠጋው በመሣሪያ የሚያገኘውን ልክ ድኃው በድካምና በትዕግሥት ሊያገኘው ይችላል። ፍጥነቱን በንጋት አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሙቀቱ በተለወጠ ቁጥር መለካት፣ ሲሊንደሩን ከፀሐይ ማራቅ፣ በተከታታይ ከመተኮስ መቆጠብ፣ ፈሳሹ ወደ ማርከሩ እንዳይገባ የሚያግድ ቱቦ ማስገጠም፣ ቢቻል ለካርቦን ዳይኦክሳይዱም ሬጉሌተር መጨመር የጋዙን ጠባይ ይገራሉ። እንዲያውም ውድ ሬጉሌተር ገዝቶ አንድ ጊዜ እንኳ የማይለካ ሰው፣ በርካሽ ሲሊንደር እየደጋገመ ከሚለካው ይልቅ በጥፋት አቅራቢያ ቆሟል፤ መሣሪያው ስለ እርሱ እንዲያስብለት ትቶታልና።

ኃላፊነቱ በሜዳው አጥር ላይም አይቆምም፤ ሲሊንደሩ ከጨዋታው ውጪ ላሉ ሰዎችም አደጋ ይይዛል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሞላው በክብደት ነው፤ በሲሊንደሩ ላይ ከተጻፈው ልክ በላይ ከተሞላና ከሞቀ ፈሳሹ እየሰፋ ባዶውን ቦታ ሁሉ ይይዛል፣ ግፊቱም በድንገት ይወጣል፤ ለዚህ ሲባል ከሲሊንደሩ በፊት ተቀድዶ ጋዙን የሚያስወጣ ቀጭን ብረት በቫልቩ ላይ ይገጠማል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቢፈስ ወለሉ ላይ ተኝቶ ሰውን ሊያፍን ይችላል። የአየር ሲሊንደር ደግሞ በንጹሕ ኦክስጅን ፈጽሞ መሞላት የለበትም፤ ኦክስጅን ከዘይት ጋር በከፍተኛ ግፊት ሲገናኝ ይቀጣጠላል። ሁለቱም ዓይነት ሲሊንደሮች በየተወሰነ ዓመት፣ በብዙ አገር በየ5 ዓመቱ፣ በውኃ ግፊት ይመረመራሉ። በአሜሪካ ተጫዋቾች ሲሊንደሩን ከማርከሩ የፈቱ መስሏቸው ሲያዞሩ የተፈታው ቫልቩ ራሱ ሆኖ፣ ሲሊንደሩ ተስፈንጥሮ ሰው የገደለባቸው አደጋዎች ደርሰዋል፤ መከላከያው በቫልቩና በሲሊንደሩ ላይ አንድ ቀጥታ የቀለም መስመር አስምሮ፣ መስመሩ የተዛነፈ እንደሆነ ወዲያው ማቆም ነው። ከእጀታው ስለሚወልቅ መጥረቢያ የተጻፈው የኦሪት ቃል ከዚህ አደጋ ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ግልጽ ነው፤ ልዩነቱ ዛሬ አደጋው የታወቀ፣ መከላከያውም የተገኘ በመሆኑ መማጸኛው የጠበበ መሆኑ ነው።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ገቢርን የሚመለከት ነው፤ የሐልዮ ጥያቄ ግን ይቀራል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ ጌታ በወንድሙ ላይ የሚቆጣውን ከነፍሰ ገዳይ ጋር በአንድ የፍርድ መስመር ስላቆመው፣ ወንድምን አነጣጥሮ መምታት በልብ ውስጥ የግድያን ልማድ ይተክላል የሚል ሰው ጥያቄው በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ለዚህ የሚሰጠው መልስ፣ ወንጌሉ የሚከሰው ቁጣን እንደሆነ፣ በልክ የተያዘ ጨዋታም ቁጣን የመግዛት ትምህርት ቤት ሊሆን እንደሚችል ነው፤ በገና ሜዳ ላይ ጌታ እንዳይቆጣ የተደነገገው ለዚህ ነበር። ልኩን ያላለፈ ምት የደረሰበት ሰው ለመቆጣት ምክንያት ያጣል፤ ልኩን ያለፈ ምት ግን በተመታው ልብ ውስጥ ቂምን ይዘራል፣ ስለዚህ የገቢርን ልክ የጠበቀ የባልንጀራውን ሐልዮም ጠበቀ።

ይሁን እንጂ ይህ መልስ የማይበቃበት አንድ ሁኔታ አለ። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር በሰሜን ኢትዮጵያ የተነሣው ጦርነት እስከ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት አካባቢ ደርሶ ነበር፤ ደብረ ብርሃንም ከወለጋና ከሌሎች አካባቢዎች በግጭት ለተፈናቀሉ ብዙ ሰዎች መጠለያ ሆናለች። እውነተኛ ተኩስ የሰማ፣ የቅርብ ሰው የቀበረ፣ ቤቱን ጥሎ የሸሸ ሰው የጠመንጃ መልክ ያለውን ዕቃ ሲያይ የሚሰማውን ማንም ሬጉሌተር አይለካውም። ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 8 መብሉ ራሱ ባይከለከልም የደካማውን ኅሊና የሚያቆስል ከሆነ መተው እንደሚሻል ያስተምራል። በዚህ ትምህርት መሠረት ከመጠለያ፣ ከትምህርት ቤትና ከመኖሪያ ሰፈር አጠገብ እንዲህ ያለውን ጨዋታ ማካሄድ ምንም እንኳ የምቱ ልክ ቢጠበቅ የተገባ አይደለም፤ የተለየ ሜዳ፣ የአካባቢው ነዋሪና የጸጥታ አካል አስቀድሞ ማወቅ፣ ከጦር መሣሪያ ጋር በግልጽ የሚለይ የማርከር መልክና ቀለም ያስፈልጋሉ። በሐዘን ላይ ያለ ጎረቤት ፊት የሚገታ ጨዋታ ነጻነቱን አላጣም፤ ነጻነቱን ለፍቅር አስገዛው እንጂ።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ፍርድ በቅደም ተከተል ሊቀመጥ ይችላል። ዓይንንና ፊትን የሚሸፍን፣ ለዚሁ ጨዋታ የተሠራ ጭምብል በሌለበት የትኛውም ጋዝ የተፈቀደ አይሆንም፤ የዓይን ጉዳት በካሣ የሚመለስ አይደለምና። አቅም በሚፈቅድበት ቦታ፣ በተለይም ብርድና ሙቀት በአንድ ቀን በሚፈራረቁበት በሸዋ ደጋና ቆላ፣ በሬጉሌተር የተገራ የታመቀ አየር ሊመረጥ ይገባል፤ ተጫዋቹ ለባልንጀራው የገባውን የልክ ቃል ከንጋት እስከ ማታ ለመጠበቅ ያስችለዋልና። አቅም በሌለበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይወገዝም፣ ነገር ግን በተለወጠው ሙቀት ሁሉ ደግሞ የመለካት ግዴታን ይዞ ይመጣል፤ ይህን ግዴታ ለመሸከም ያልፈቀደ ሰው ባይጫወት ይሻለዋል። በመግቢያው ላይ ኃላፊነት ከየት ይጀምራል ተብሎ ለተነሣው ጥያቄም መልሱ፣ ኃላፊነት ከቁጣም ከምትም ቀድሞ፣ ሰው በእጁ የሚያስገባውን ኃይል ጠባይ ከመመርመሩና ልኩን ከመወሰኑ ይጀምራል የሚል ነው። ልቡን ንጹሕ ያደረገ ተጫዋች ግማሹን ሥራ ፈጽሟል፤ ሌላው ግማሽ መለኪያውን አንሥቶ፣ የዕለቱ አየር እጁን የባልንጀራው ጠላት እንዳያደርግበት ማረጋገጥ ነው።